በባንኮክ አልጋ መያዝ

ፕራቱናም ገበያ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ታክሲው ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ በእግር ነው። የልብስ ጅምላ ሻጮች ሸራቸውን እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ዘርግተዋል። በመካከል በተረፈችው መተላለፊያ ሻንጣ የሚጎትት እንግዳ፣ በጋሪ ልብስ ቆልሎ የሚገፋ ወዛደርና ሰው ያፈናጠጠ ሞተር ብስክሌት እየተጠባበቁ ይተላለፋሉ። ሆቴሉ ከአንድ ሻንጣ መሸጫና ቅቅል ዶሮ በመስታወቱ ላይ ከደረደረ አንድ ምግብ ቤት መካከል ተሰክቷል። የፊቱ ስፋት ከአራት ሜትር አይበልጥም። ደጃፉ ላይ በምሰሶ የቆመች ትንሽ ያጌጠች ቤት አለች፤ ታይላንዳውያን ለቦታው ጠባቂ መንፈስ የሚሠሯት ናት። ከፊቷ የአበባ ጉንጉን፣ ዕጣንና መምጠጫ የተሰካበት ቀይ ፋንታ ተቀምጧል።

ከባንኮኒው ጀርባ ያለችው ወጣት መዳፎቿን ደረቷ ላይ ገጥማ ጎንበስ አለችልኝ። ፓስፖርቴን ኮፒ አደረገች፣ የቁልፍ ማስያዣ 500 ባት ተቀበለች፣ ከዚያ በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ወደ እኔ አዞረች። ዱሪያን የተባለውን ፍሬ ወደ ክፍል ማስገባት ክልክል ነው፤ ሽታው ከኤሲው ጋር ተደባልቆ ለቀናት አይለቅም። ክፍል ውስጥ ያጨሰ 2,000 ባት ይቀጣል። ማንጎስቲን የተባለውን ፍሬ በልቶ አንሶላ ያበላሸም ይከፍላል፤ የልጣጩ ወይን ጠጅ ቀለም በእጥበት አይወጣምና። ደረሰኙን ስቀበል የተጻፈው ዓመት 2568 ነበር። ታይላንዳውያን ዘመን የሚቆጥሩት በቡድሃ አቆጣጠር ስለሆነ ከአውሮፓውያኑ በ543 ዓመት ይቀድማሉ፤ እኛ ደግሞ ሰባት ስምንት ዓመት እንዘገያለን። በሰዓት ግን እንገናኛለን። በመካከላቸው ሲነጋገሩ የሚጠቀሙበት ነባር አቆጣጠር፣ እኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት የምንለውን 1፣ 2 ሰዓት የምንለውን 2 እያለ እስከ 5 ይሄዳል። ለእንግዳ የሚነገረው ሰዓት ግን የአውሮፓውያኑ ነው። ክፍል የሚሰጠው በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ሲሆን፣ የሚለቀቀው ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ነው።

ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለም። የበሩን ካርድ ግድግዳው ላይ ካለው ማስገቢያ ካልሰኩ መብራትም ኤሲም አይነሳም። አልጋው ክፍሉን ሊሞላው ምንም አልቀረውም፤ ሻንጣ ከተከፈተ መቆሚያ ይጠፋል። መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤቱን ግድግዳና የኤሲ ሞተሮችን ጀርባ ነው። ዋጋው ዝቅ የሚለው ክፍል ጭራሹን መስኮት የለውም፤ ለአንድ ሌሊት ይቻላል፣ ለሳምንት ግን ሰው ቀንና ሌሊቱን መለየት ይሳነዋል። ገላ መታጠቢያውና መጸዳጃው ያለ መከለያ አንድ ላይ ስለሆኑ ሲታጠቡ ወለሉ ሁሉ ይረጥባል። ሙቅ ውኃ የሚመጣው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለች ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። ሶኬቱ 220 ቮልት ሲሆን ባለ ሁለት ክብ እግር የሆነውን የእኛን መሰኪያ ይቀበላል። በየቀኑ ሁለት ጠርሙስ ውኃ በነፃ ይቀመጣል፤ የቧንቧውን ማንም አይጠጣውም።

ክፍሉ ንጹሕ ነበር። አንሶላው በፀሐይ የደረቀ ይመስላል፣ ፎጣው ነጭ ነው፣ ወለሉ በየቀኑ ይወለወላል። ለዚህ ሁሉ የሚጠየቀው ከ600 እስከ 1,000 ባት፣ ማለትም ከ20 እስከ 30 ዶላር ገደማ ነው። ብዙ ሕዝብ በሚኖርበት፣ መሬት በተወደደበት ከተማ መሐል ይህ ዋጋ እንዴት ሊቆም ቻለ?

የመልሱ አንድ ክፍል ሕንፃው ውስጥ አለ። ባንኮክን ከዳር እስከ ዳር የሞሏት ጠባብና ረጃጅም፣ ግድግዳ የሚጋሩ ቤቶች ናቸው። በአብዛኛው ከቻይና የመጡ የነጋዴ ቤተሰቦች ምድር ቤቱን ሱቅ፣ ፎቁን መኖሪያ አድርገው ኖረውባቸዋል። ልጆች ተምረው ወደ ከተማው ዳርቻና ወደ አፓርታማ ሲወጡ ቤቶቹ ባዶ ቀሩ። በየፎቁ ሁለት ሦስት ክፍል ከፍሎ፣ ማሞቂያና ኤሲ ሰቅሎ ሆቴል ማድረግ አዲስ ሕንፃ ከመሥራት በብዙ ይረክሳል። የደረጃው ቀጥ ማለት፣ የመስኮቱ እጥረት፣ የሊፍቱ አለመኖር ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው፤ ቤቱ ለአንድ ቤተሰብ እንጂ ለሃያ እንግዳ አልታሰበም።

ሌላው ክፍል ታሪክ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቬትናም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ወታደሮች ለዕረፍት ወደ ባንኮክ ይላኩ ነበር። ከፕራቱናም ወደ ምሥራቅ በሚዘረጋው አዲሱ ፔችቡሪ መንገድና በሱኩምቪት መንገድ ብዙ ሆቴል የተሠራው ያኔ ነው። ጦርነቱ በ1975 ሲያበቃ ወታደሩ ሄደ፣ አልጋው ቀረ። በ1952 በሱኩምቪት ቅያስ 2 የተከፈተው አትላንታ ሆቴል ከዚያም የቀደመ ነው። በአሮጌው ከተማ ደግሞ በ1892 የተቀየሰው የካኦ ሳን መንገድ የሩዝ ነጋዴዎች ሰፈር ነበር። በ1982 ባንኮክ ዋና ከተማ የሆነችበት 200ኛ ዓመት ሲከበር የጎረፈውን እንግዳ ሆቴሎቹ አልችል ስላሉ ነዋሪዎች ክፍላቸውን ማከራየት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ የዓለም ጀርባ ሻንጣ ተሸካሚ ወጣቶች መሰብሰቢያ ሆነ። ታይላንድ በ2019 ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጋ የውጭ እንግዳ ተቀብላ በ2021 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ቁጥሩ ወደ 430 ሺህ ሲወርድ፣ በእነዚህ ጠባብ ቤቶች የሚተዳደሩ ቤተሰቦች ምን እንደደረሰባቸው መገመት አያዳግትም። በ2024 ከ35 ሚሊዮን በላይ ተመለሰ።

ትልቁ ምክንያት ግን ከሆቴሉ ውጭ ነው። ርካሹ ሆቴል ወጥ ቤት የለውም፣ ምክንያቱም ወጥ ቤቱ ቅያሱ ላይ ነው። ከ50 እስከ 70 ባት የሚሸጥ አንድ ሰሐን ሩዝ በዶሮ ወይም በአትክልት ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት አይጠፋም። ሠራተኞቹ ሮዝ ሸሚዝ የሚለብሱት የፕራቱናሙ ስመ ጥር የሩዝና ዶሮ ቤት ከ1960 ጀምሮ አንዱን ምግብ እያበሰለ ሰው አሰልፎ ያበላል። ሆቴሉ ልብስ አያጥብም፤ ጥግ ላይ በኪሎ ተቀብላ በማግስቱ አጥፋ የምትመልስ ሴት አለች። ሱቅም ሳሎንም አያስፈልገውም፤ በ1989 የመጀመሪያውን መደብር ባንኮክ ውስጥ የከፈተው ሰቨን ኢሌቨን ዛሬ በአገሪቱ ከ14 ሺህ በላይ መደብር አለው፣ ሌሊቱን ሁሉ በሩ አይዘጋም፣ የስልክ ካርድ፣ የራስ ምታት መድኃኒት፣ የሞቀ ሳንድዊች ይሸጣል። የባንኮክ ርካሽ ክፍል እንደኛ አገር እልፍኝ ነው፤ ማድ ቤቱ፣ ጓዳውና ግቢው ውጭ፣ መንገዱ ላይ ነው። ስለዚህ እንግዳው ከክፍሉ በፊት መንገዱን መምረጥ አለበት እላለሁ። ሁለት ተመሳሳይ ክፍሎች በአንድ ዋጋ ቢቀርቡ፣ አንዱ ምግብ ሻጭ በሞላበት ቅያስ ሌላው በትልቅ አውራ ጎዳና ዳር ቢሆን፣ ሁለተኛው ውድ ነው።

ይህን የሚያውቁ ሰዎች የከተማው አስተዳደር የመንገድ ሻጮችን ሲያነሳ የሚያዝኑትም ለዚህ ነው። ከ2014ቱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ የእግረኛ መንገድ ይጽዳ በሚል ብዙ ሰፈሮች ሻጮቻቸውን አጥተዋል። መንገዱ ለእግረኛ ሰፋ፤ ነገር ግን በዚያ ሰፈር በ700 ባት ያደረ ሰው እራቱን የሚበላው የገበያ አዳራሽ ውስጥ በተወደደ ዋጋ ሆነ።

ዋጋውን ዝቅ አድርጎ የያዘ አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እሱን ሳይጠቅሱ ማለፍ ተገቢ አይደለም። በየጠዋቱ ባልዲና የአንሶላ ክምር ይዘው ደረጃ የሚወጡት ሴቶች አብዛኞቹ ከታይላንድ ሰሜን ምሥራቅ ኢሳን ከሚባለው ድሃ አካባቢ ወይም ከጎረቤት ምያንማር የመጡ ናቸው። የምያንማሮቹን በጉንጫቸው ላይ ከሚቀቡት ከዛፍ ቅርፊት የሚፈጭ ነጣ ያለ ቅባት መለየት ይቻላል። በባንኮክ ዝቅተኛው የቀን ደመወዝ ከሐምሌ 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 400 ባት ነው። የርካሹ ሆቴል ርካሽ ክፍል ለአንድ ሌሊት የሚከራይበት ዋጋ፣ ያንን ክፍል የምታጸዳው ሴት ቀኑን ሙሉ ሠርታ ከምታገኘው ይበልጣል ማለት ነው። ልጆቻቸውንና እህቶቻቸውን ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር የላኩ የእኛ አንባቢዎች ይህን ስሌት ሲያዩ ብዙ ማስረዳት አያስፈልጋቸውም። ሲለቁ ትራስ ላይ 50 ባት ማስቀመጥ የበጎ አድራጎት ጉዳይ አይደለም፤ ከዋጋው የጎደለውን መሙላት ነው።

የሀገሬ ልጆች ባንኮክ የሚመጡት ለሽርሽር ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ በቀጥታ ይበርራል፤ ጉዞው ወደ 9 ሰዓት ይወስዳል፤ የሰዓት ልዩነቱ አራት ሰዓት ነው። ከአውሮፕላኑ የሚወርዱት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ወይ ነጋዴ ናቸው ወይ ታማሚ፣ ወይ ታማሚ የሚያስታምሙ።

ነጋዴዎቹን ያገኘኋቸው ፕራቱናም ነው። አንዲት ከመርካቶ የመጣች ሴት የሆቴሉ መግቢያ ወለል ላይ ተቀምጣ ሻንጣዎቿን በእጅ ሚዛን እየመዘነች ነበር። አጠገቧ የታሠሩ የሕፃናት ልብሶችና የሴት ቀሚሶች ተከምረዋል። የት ቦታ እንደሚያዋጣት ስጠይቃት ቀና ሳትል መለሰችልኝ፦ «ወንድሜ፣ እኔ የምፈልገው ከገበያው በእግር መድረስና ዕቃዬን ሳልሰጋ የማስቀምጥበት ነው። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስቼ የምገዛ ሰው የሚያምር ክፍል ምን ያደርግልኛል?» የፕራቱናም የጅምላ ገበያ ገና ሳይነጋ ይጀምራል። ቀን ላይ ደግሞ ፕላቲነም በሚባለው አየር የሚቀዘቅዝበት ሕንፃ ውስጥ ከሁለት ሺህ በላይ ሱቆች ይከፈታሉ። ብዙዎቹ ሦስት ፍሬና ከዚያ በላይ ለሚገዛ ዋጋ ይቀንሳሉ። በየቅያሱ ዕቃ በኪሎ ተቀብለው በአውሮፕላን ወይም በመርከብ የሚልኩ ድርጅቶች አሉ። ለእንዲህ ያለ ሰው ሆቴሉ መጋዘን፣ ቢሮና ማረፊያ ነው። ሊፍት የሌለበትን የሦስተኛ ፎቅ ክፍል በ150 ባት ቅናሽ የያዘ ነጋዴ ግን ቅናሹን በወገቡ ይከፍላል።

ታማሚዎቹ ያሉት ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ በሱኩምቪት ቅያስ 3 አካባቢ፣ ናና በሚባለው ሰፈር ነው። በ1980 የተከፈተው ቡምሩንግራድ ሆስፒታል እዚያ አለ። ከሱ ጋር ተያይዞ ሰፈሩ የውጭ ታካሚዎች መንደር ሆኗል፤ በዓረብኛ የተጻፉ ምልክቶች፣ የሺሻ ቤቶች፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፉ አዛውንቶች፣ እንጀራ የሚያቀርቡ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ሁሉ በጥቂት ደቂቃ እርምጃ ውስጥ ይገኛሉ። እዚያ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ አባቷን ይዛ የመጣች ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። አባቷ ከቀዶ ሕክምና ገና መውጣታቸው ነው። «አባባ ትንሽ ይቅመሱ እንጂ» ትላቸዋለች፤ እሳቸው እንጀራውን በጣታቸው ጫፍ ይነካሉ። ከአዲስ አበባ ሳትነሳ በስልኳ የያዘችው ሆቴል ርካሽና ንጹሕ ነበር፤ ሊፍት ግን አልነበረውም። የሁለት ሳምንቱ ገንዘብ አስቀድሞ ተከፍሏል፤ የማይመለስ ተብሎ የተያዘ ስለነበር አንድ ባት አልተመለሰላትም። አባቷ ከሆስፒታል ሲወጡ ደረጃውን መውጣት ስላልቻሉ ሌላ ሆቴል በእጥፍ ዋጋ ያዘች። ቤት ተሸጦ ወይም ዘመድ አዋጥቶ በተገኘ ገንዘብ ላይ እንዲህ ያለ ኪሳራ ሲደርስ ማየት ያማል። ለዚህ ጽሑፍ ያነሳሳኝም እሱ ነው።

ለአስታማሚ የሚጠቅም አንድ መንገድ አለ። ሆስፒታሉ ደጃፍ ያሉት ክፍሎች ውድ ናቸው፤ የፕራቱናሞቹ ይረክሳሉ። ሁለቱን ሰፈሮች የሚያገናኘው ሴን ሴፕ የተባለው ቦይ ነው። በ1837 የተጀመረው ይህ ቦይ የተቆፈረው የሲያም (የዛሬዋ ታይላንድ) ንጉሥ ራማ ሦስተኛ ከቬትናም ጋር ለሚያደርጉት ጦርነት ሠራዊትና ስንቅ ለማመላለስ ነበር። ዛሬ ረጃጅም የሞተር ጀልባዎች ሕዝብ ያመላልሱበታል። ከፕራቱናም ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ጀልባ ጥቂት ማቆሚያዎችን አልፎ ናና ኑዋ ወደብ ሲደርስ ሆስፒታሉ በእግር ይደረሳል። ዋጋው ከአንድ ሰሐን ሩዝ ያነሰ ነው፤ የባንኮክ የመንገድ መጨናነቅም አይነካውም። ትኬት ቆራጮቹ የራስ ቁር አድርገው በጀልባው ጠርዝ ላይ እየተራመዱ ይሰበስባሉ፤ ተሳፋሪው ውኃ እንዳይረጨው የጎኑን ሸራ በገመድ ይጎትታል። ነገር ግን ጀልባው የሚቆመው ለሰከንዶች ነው፣ ሲሳፈሩም ይወዛወዛል። ለጤነኛ አስታማሚ እንጂ ለታማሚ አይሆንም።

ታማሚው ጾመኛ ከሆነ ደግሞ ቢጫ ባንዲራ ይፈልግ። ታይላንድ ውስጥ የቻይና ዝርያ ያላቸው ቡድሂስቶች የሚመገቡት «ጄ» የሚባል ምግብ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት የለበትም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም እንኳ አይገባበትም። የሚሸጥበት ቦታ በቢጫ ጨርቅ ላይ 17 ቁጥርን የሚመስል ቀይ ጽሕፈት ይሰቅላል። በአብዛኛው በጥቅምት በሚውለው ዘጠኝ ቀን በሚዘልቀው በዓላቸው ከተማው በዚህ ባንዲራ ይሞላል። አትክልት ብቻ ብሎ ማዘዝ አይበቃም፤ የዓሣ መረቅ የማይገባበት ወጥ ጥቂት ነው።

ስለ ወረቀት ጉዳዩም በአጭሩ ልበል። ከግንቦት 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወደ ታይላንድ የሚገባ የውጭ ሰው ከመድረሱ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት የመግቢያ ቅጽ ይሞላል፤ የሚያርፍበት ሆቴል አድራሻ ይጠየቃል። በመንግሥት ገጽ ላይ ያለ ክፍያ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቁ አስመሳይ ገጾች አሉ። ከኢትዮጵያ የሚሄድ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን ይያዝ። ሆቴሉ የውጭ እንግዳ ማሳደሩን በ24 ሰዓት ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ በሕግ ግዴታው ነው። ሕክምናው ረዝሞ ቪዛ ማራዘም ያስፈለገው ሰው ያ ማስታወቂያ መደረጉን ይጠየቃል። ለዚህ ነው በረከሰ ዋጋ ያለ ፈቃድ በቀን የሚከራዩ የግል አፓርታማዎችን የማልመክረው፤ ያለ ሆቴል ፈቃድ ከ30 ቀን በታች ማከራየት በሕግ ያስጠይቃል፣ ብዙዎቹም እንግዳቸውን አያስመዘግቡም።

ስለ ደኅንነት ደግሞ ከሁሉ በላይ እሳትን አስባለሁ። ሐምሌ 1997 (እ.ኤ.አ.) በፓታያ የሮያል ጆምቲየን ሆቴል ሲቃጠል ወደ 90 የሚጠጉ ሰዎች ሞተዋል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የአደጋ ጊዜ መውጫ በሮች መቆለፋቸው ነበር። ያ ሆቴል ትልቅ ነበር፤ አንድ ደረጃ ብቻ ያለው አራት ሜትር ስፋት ያለው ቤት ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። ክፍል ስገባ ሻንጣዬን ሳልፈታ መተላለፊያውን እስከ መጨረሻው ሄጄ ሁለተኛው መውጫ መኖሩን፣ በሩ መከፈቱን፣ የአንሶላ ክምርና የተሰበረ ወንበር እንዳልዘጋው አያለሁ። መስኮት ላይ ከውስጥ የማይከፈት የብረት ፍርግርግ ካለ ሌላ ክፍል እጠይቃለሁ፤ ከሌለ ሌላ ሆቴል። ይህ ለ200 ባት የሚለወጥ ነገር አይደለም።

ታማሚ ይዛችሁ ለምትሄዱ ደግሞ ልመናዬ ይህ ነው። ከአዲስ አበባ ስትነሱ የምትይዙት አልጋ የሁለት ሌሊት ብቻ ይሁን። ሊፍት መኖሩን፣ ክፍሉ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ ተሽከርካሪ ወንበር በበሩ መግባቱን ለሆቴሉ ራሱ ደውላችሁ ጠይቁ። የሐኪሙ ቀጠሮ ይለወጣልና በሚመለስ ዋጋ ያዙ፤ ልዩነቱ ጥቂት ነው። ከዚያ ደርሳችሁ ቅያሱን በእግራችሁ ሂዱበት፣ ደረጃውን ውጡት፣ መታጠቢያው ወለል ያንሸራትት እንደሆነ በእጃችሁ ዳስሱት። የቀሪውን ሳምንት ገንዘብ የምትከፍሉት ይህን ሁሉ ካያችሁ በኋላ ይሁን።